ሹሩባ የማይያዝላት አሻንጉሊት

አዲስ ዓመት ወይም ገና ሲቃረብ በመርካቶ መጫወቻ ሻጮች ደጃፍ የቆመ ሰው የሚያየው ነገር ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። በአንድ ወገን ሮዝ ቀለም ይበዛል፤ ጸጉራቸው ቢጫ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ የሆኑ አሻንጉሊቶች፣ ትንንሽ ምድጃዎች፣ የሻይ ስኒዎችና የመኳኳያ ሣጥኖች ተደርድረዋል። በሌላው ወገን መኪና፣ ሄሊኮፕተር፣ የፖሊስ ካቴናና የተኩስ ድምፅ የሚያሰማ ጠመንጃ ተሰቅሏል። የትኛው ለማን እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ የትም ቦታ የለም፤ የሚያስፈልግም አይመስልም። ሻጩ ገዢውን በመጀመሪያ የሚጠይቀው የልጁን ዕድሜ ሳይሆን «ለወንድ ነው ለሴት?» ብሎ ነው፤ መልሱን እንደሰማም እጁን ወደ አንዱ ወገን ይዘረጋል።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እኛ ትልልቆቹ ለመጫወቻ የምንሰጠው ግምት ማነሱ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን፤ ልጅ በእጁ የያዘውንም ነገር በዚያው ልክ አቅልለን እናየዋለን። ልጃችን የሚያየውን ፊልም እንመርጣለን፣ ከሰፈር የሚያመጣውን ስድብ እንከለክላለን፣ የሚማርበትን መጽሐፍ ገልጠን እናያለን። አሻንጉሊት ግን ቃል ስለማይናገር የሚያስተምረው ነገር ያለ አይመስለንም። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ልጅ ቆንጆ የሚባለው ማን እንደሆነ፣ የሚያበስለው ማን፣ የሚያዘው ማን፣ የሚፈራው ማን እንደሆነ ከእኛ አፍ ከመስማቱ በፊት ከመጫወቻው ይማራል፤ ያውም ማንም ሳይከራከረው፣ ማንም «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ሳይለው፣ ደስ ብሎት በሚጫወትበት ሰዓት ይማራል።

ይህን በቅርብ ያሳየችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ሲሞላት ከውጭ አገር የመጣችላት አሻንጉሊት እስከ ወገቧ የሚወርድ ወርቃማ ጸጉር ነበራት። ልጅቷ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጎረቤት ሴት ጉልበት መካከል ተቀምጣ ሹሩባ ተሠርታ ስትመለስ አሻንጉሊቷም እንደ እሷ እንድትሠራ ፈለገች፤ ሚዶውን ይዛ መጣችና እንድጀምርላት ጠየቀችኝ። በሚዶው ጫፍ ጸጉሩን ከግንባር ወደ ማጅራት ከፈልኩት። ከሥሩ ብቅ ያለው ባዶ ፕላስቲክ ነው፤ ተራርቀው የተበሱ ቀዳዳዎች ይታያሉ፣ ከየቀዳዳው ጥቂት የናይለን ክር ወጥቷል። ጸጉሩ ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለው በግንባሯ ዳርቻ፣ በጆሮ ግንዷና በማጅራቷ ዙሪያ ብቻ ሲሆን መሀል ራሷ ከዳር ዳር በተመለሰው ጸጉር የተሸፈነ ባዶ ቦታ ነበር። እንደምንም የጎነጎንኩት አንድ ቀጭን ጉንጉን እንኳ ከጣቴ እንደለቀቅሁት ተፈታ፤ ናይለን ስለሚያዳልጥ አይያያዝም። ልጅቷ ደንግጣ «አክስቴ፣ ጸጉር የላትም እኮ!» አለችኝ። ጥቂት ካሰበች በኋላ ግን ለእኔ ይበልጥ የከበደኝን ነገር ተናገረች፤ «ለነገሩ የሷ ሳይሠራም ያምራል።»

ከዚህች አሻንጉሊት ጀርባ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ፋብሪካው ክር መቆጠብ ፈልጓል፤ ጸጉሩን በማይታይ ቦታ አሳስቶ በሚታይ ቦታ አወፍሮ ተክሏል። ነገር ግን «የማይታይ ቦታ» የሚለው ውሳኔ ራሱ ስለ አንዲት ልጅ የተደረገ ውሳኔ ነው። ሠሪው በሐሳቡ ያያት ልጅ የአሻንጉሊቷን ጸጉር ወደ ታች የምታበጥር እንጂ በመስመር በመስመር ከፍላ፣ የራስ ቅሉን እያየች፣ ከሥሩ ጀምራ የምትጎነጉን ልጅ አይደለችም። ያች ሁለተኛዋ ልጅ አልተሰደበችም፤ ጭራሽ በሐሳብ አልመጣችም። ለእህቴ ልጅ የደረሳት መልእክትም ይኸው ነው፤ የእሷ ጸጉር ሰዓታት የሚፈጅ፣ የሚያስለቅስ፣ ካልተሠራ የማያምር ሲሆን የአሻንጉሊቷ ጸጉር ግን እንደ ተፈጠረ የሚያምር ሆኖ ተሰማት። ይህን ማንም አልነገራትም።

መጫወቻ ለልጅ የሚነግረውን ነገር በጥንቃቄ ከመረመሩት ሰዎች መካከል ኬኔት ክላርክና ባለቤቱ ሜሚ ክላርክ በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛን አገር ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ሲሆኑ የተማሩት ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ በኋላም ሁለቱም ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል። ጥናቱ የተነሣው ሜሚ ለማስተርስ ዲግሪዋ በጥቁር ሕፃናት ራስን ማወቅ ላይ ከሠራችው ሥራ ነው። እሷ ራሷ የተወለደችው በደቡባዊቷ አርካንሶ ግዛት፣ ሆት ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ነውና ጥቁርና ነጭ ተለያይተው የሚማሩበትን ትምህርት ቤት በወሬ አልነበረም የምታውቀው።

በ1947 ባሳተሙት ጥናት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆናቸውን 253 ጥቁር ሕፃናት ጠይቀዋል። የተጠቀሙበት ነገር እጅግ ቀላል ነበር። አራት አሻንጉሊቶች ነበሩ፤ ከነጭ የሽንት ጨርቅ በቀር ልብስ አልነበራቸውም፤ ሁለቱ ቡናማ ቆዳና ጥቁር ጸጉር፣ ሁለቱ ነጭ ቆዳና ቢጫ ጸጉር ነበራቸው፤ በሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። አሻንጉሊቶቹ ልጁ ፊት ተቀምጠው ልጁ አንድ በአንድ ይጠየቃል፤ መጫወት የምትፈልግበትን አሻንጉሊት ስጠኝ፣ ጥሩውን ስጠኝ፣ መጥፎ የሚመስለውን ስጠኝ፣ ነጭ ልጅ የሚመስለውን ስጠኝ፣ በመጨረሻም አንተን የሚመስለውን ስጠኝ። ከልጆቹ 67 በመቶው መጫወት የፈለጉት በነጩ ነበር። 59 በመቶው መጥፎ የሚመስለው ቡናማው ነው አሉ፤ ነጩን መጥፎ ያሉት 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ የትኛው አሻንጉሊት ነጭ ልጅ፣ የትኛው ጥቁር ልጅ እንደሚመስል ሲጠየቁ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት በትክክል ለይተዋል። ይህን ካነበብን የመጨረሻውን ጥያቄ ክብደት እንረዳለን፤ መጥፎ ያለውን አሻንጉሊት ከእጁ ያስቀመጠ ልጅ «አንተን የሚመስለውን ስጠኝ» ሲባል ያንኑ መልሶ ማንሣት ነበረበት። ኬኔት ክላርክ በኋላ እንደተናገረው በዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ክፍሉን ጥለው እያለቀሱ የወጡ ልጆች ነበሩ።

ይህ ጥናት ከቤተ ሙከራ አልፎ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኬኔት ክላርክ በደቡብ ካሮላይና ክላሬንደን አውራጃ በትምህርት ቤቶች መለያየት ላይ በተነሣው ክስ ምስክርነቱን ሰጥቷል፤ ያ ክስ ከሌሎች ተመሳሳይ ክሶች ጋር ተጣምሮ ብራውን በሚል ስም ለአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርድ ቤቱ ሜይ 17 ቀን 1954 ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሲወስን የክላርክን ጽሑፍ በፍርዱ 11ኛ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ጠቅሶታል። ልጆች ወለል ላይ ጥለውት የሚሄዱት ዕቃ በአንድ ትልቅ አገር የሕግ ታሪክ ውስጥ ማስረጃ ሆኖ መግባቱ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁንና ስለዚህ ጥናት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ውጤት አለ፤ እኔን ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ከ253ቱ ልጆች 134ቱ በአርካንሶ ለጥቁሮች ብቻ በተለዩ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ሲሆኑ፣ የቀሩት 119ኙ በሰሜን፣ በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ፣ ከነጮች ጋር አብረው የሚማሩ ነበሩ። ነጩን አሻንጉሊት ለመጫወቻ የመረጡት በደቡብ 62 በመቶ፣ በሰሜን 72 በመቶ ሆኑ። የሚለያያቸው ሕግ የሌለባቸው ልጆች ነጩን ይበልጥ መርጠዋል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ላይ ምሁራን በየፊናቸው ሲከራከሩ ኖረዋል። እኔ ግን ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር አለ፤ አንድ ልጅ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንዲያይ የግድ ሕግ ሊከለክለው፣ የግድ ሰው ሊሰድበው አያስፈልግም። በዙሪያው ያለው ያማረ ነገር ሁሉ የሌላ ሰው መልክ ያለው ከሆነ ይበቃል።

ወደ አገራችን ስመለስ የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን በቀር በእኛ አገር ጥቁር ሕፃን ከነጭ ተለይቶ የተማረበት ትምህርት ቤት አልነበረንም። መምህሩም፣ ሐኪሙም፣ ቄሱም፣ ሼኩም፣ ሹሙም እኛን የሚመስል ሰው ነው። በቅኝ ግዛት አለመያዛችንን ለልጆቻችን በኩራት እንነግራለን። ነገር ግን ይህን ታሪክ የምንነግራት ልጅ በክንዷ ያቀፈቻት፣ «ልጄ» የምትላት፣ አብራት የምትተኛው አሻንጉሊት ከቤተሰቡ ማንንም አትመስልም። ብዙ ወላጅ ይህን እንደ ችግር አይቆጥረውም፤ አሻንጉሊት ማለት በተፈጥሮው እንዲህ ያለ መልክ ያለው ዕቃ ይመስለዋል።

ጥፋቱን ሁሉ በባሕር ማዶ ፋብሪካ ላይ መጫን ግን እውነቱን መሸሽ ነው፤ አሻንጉሊቷ ስትመጣ ያገኘችው የተዘጋጀ መሬት ነው። ሕፃን ሲወለድ የሚመጣው ጠያቂ በመጀመሪያ የሚናገረውን እናስታውስ፤ «ቀይ ናት»፣ «ጸጉሯ ሉጫ ነው» ሲባል ምርቃት ነው፤ «ጠቆር ብላለች» ሲባል ግን ድምፅ ዝቅ ይላል፣ «ሲያድጉ ይቀላሉ» የሚል ማጽናኛም ይከተላል። ከርዳዳ የሚለው ቃል ለጸጉር ዓይነት መግለጫ ከመሆን አልፎ በትምህርት ቤት ግቢ መሳለቂያ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህም የከፋ አለ፤ ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ዘመን የተረፈው ስድብ ግን ዛሬም በቆዳ ጥቁረት ላይ ተንጠልጥሎ ይሰማል። ቢጫ ጸጉር ያላት አሻንጉሊት ይህን ሁሉ አልፈጠረችም። እኛ በቃል የጀመርነውን እሷ በዓይንና በእጅ ትጨርሰዋለች።

ታዲያ መፍትሔው ቡናማ አሻንጉሊት መግዛት ነው? በከፊል አዎን፤ ግን የቀለም ለውጥ ብቻውን የሚያመጣው ነገር ውስን እንደሆነ የአሻንጉሊቶች ታሪክ ራሱ ያሳያል። ባርቢ የተባለችው የአሜሪካ አሻንጉሊት በ1959 ስትወጣ አዲስ ነገር ያደረጋት የአዋቂ ሴት መልክ መያዟ ነበር፤ ከዚያ በፊት ለአሜሪካ ልጃገረዶች የሚሸጠው አብዛኛው አሻንጉሊት ሕፃን ነበርና የሚሰጣቸው ሚና እናትነት ብቻ ነበር። ከሷ ወገን የሆነችውን ፍራንሲን ባርቢን የሚያመርተው ኩባንያ በ1967 በጥቁር መልክ ሲያወጣት ግን የተጠቀመው የነጯን ፍራንሲ ቅርጽ ነው፤ ከንፈሩም አፍንጫውም ያው ሆኖ ፕላስቲኩ ብቻ ጠቆረ። በ1968 ክሪስቲ የምትባል ጥቁር ጓደኛ ለባርቢ ተጨመረች። ባርቢ የሚለውን ስም ራሱን የያዘች ጥቁር አሻንጉሊት እስክትወጣ ግን እስከ 1980 መጠበቅ ነበረበት፤ የነደፈቻትም ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ የተባለች ጥቁር ዲዛይነር ስትሆን ጸጉሯን አጭር አፍሮ አድርጋላታለች። ጓደኛ ሆኖ መጨመርና ዋናው ስም ያለው ሆኖ መውጣት ለልጅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጆች በጨዋታ ውስጥ ማን ዋና፣ ማን አጃቢ እንደሆነ ወዲያው ያውቃሉ።

በዐረቡ ዓለም በ2003 የወጣችው ፉላ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዳለች። ዐባያና ሂጃብ ለብሳ፣ የጸሎት ምንጣፍ ይዛ የወጣች ናት፤ የእምነትና የጨዋነት ዋጋ በግልጽ ታስቦበት ተሠርታለች። ከዐረብ አገር የሚመለሱ እኅቶቻችን ሻንጣ ውስጥ ለልጆቻቸው የሚይዙት አሻንጉሊት ስላለ በእኛም ቤት የተለያዩ አገሮች እሴቶች ጎን ለጎን ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። በናይጄሪያም ታኦፊክ ኦኮያ የተባለ ነጋዴ ለራሱ ቤተሰብ ጥቁር አሻንጉሊት ፈልጎ በማጣቱ በ2007 የአፍሪካ ንግሥቶች በሚል ስም አሻንጉሊቶችን ማስወጣት ጀመረ፤ አንዷን የኢግቦ፣ አንዷን የዮሩባ፣ አንዷን የሐውሳ ልጅ አድርጎ አለበሳቸው። እሱ ራሱ እንደተናገረው ግን ሰውነታቸውን ቀጭን ለማድረግ ተገድዷል፤ ሞላ ያለ ሰውነት ያላትን ልጆቹ አልወደዱላትምና። ልብሱንና ቆዳውን መለወጥ ከቻለ በኋላ እንኳ የቅጥነት ፍቅር ቀድሞ በልጆቹ ውስጥ ገብቶ ጠብቆታል።

ይህን ሁሉ ስል በገንዘብ የማይገዛውን የራሳችንን መጫወቻ ማንሣት ይገባኛል። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ዋናው ጨዋታችን እቃቃ ነበር። የቆርቆሮ ክዳን ምጣድ ይሆናል፤ ሰፋ ያለ ቅጠል እንጀራ ይሆናል፤ ጭቃው ወጥ ነው። በርበሬው የሚዘጋጀው ደግሞ በልዩ ጥንቃቄ ነበር። የተሰበረ ቀይ ጡብ ፈልገን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በሌላ ድንጋይ እንፈጨዋለን፤ የወጣውን ዱቄት በቀጭን ጨርቅ እንነፋዋለን፤ የደቀቀው በርበሬ ለወጥ ይቀመጣል፣ ያልደቀቀው ተመልሶ ይፈጫል። ስኒ ከሌለ የዘይት ጠርሙስ ክዳን አለ፤ ሦስት ጉልቻ የሌለው ቤት ቤት አይደለምና በመጀመሪያ የሚቀመጡት ሦስት ድንጋዮች ናቸው። በጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት ልጅ ሆኖ በነጠላ ቁራጭ ይታዘላል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድም ልጅ ብቻውን አይበላም። እንግዳ መምጣት አለበት፤ እንግዳው «ጠግቤያለሁ» ማለት አለበት፤ ባለቤቷም «በሞቴ!» ብላ መለመን፣ እምቢ ካለም «አፈር ስሆን!» ማለት፣ ከዚያም በጭቃ የራሰ ቅጠል ጠቅልላ ማጉረስ አለባት። የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች እንግዳ መቀበልን፣ መግደርደርን፣ መለመንንና መጎራረስን እንዲህ ባለ ዝርዝር ይለማመዱታል። ከዕቃዎቹ አንዱም ተሠርቶ የመጣ ስላልሆነ ልጁ ከማብሰሉ በፊት ምጣዱን ከቆርቆሮ፣ በርበሬውን ከጡብ መፍጠር ነበረበት። ፕላስቲኩ የወጥ ቤት ዕቃ ግን አብሮት የመጣው ምግብ ሳይቀር ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከእንቁላል ጥብስና ከበርገር በቀር ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም፤ ለልጁ የተተወለት ሥራ ማንሣትና ማስቀመጥ ብቻ ነው። ተሠርቶ ያለቀ ዓለም የተሰጠው ልጅ የሚለምደው መጠበቅን እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ሆኖም እቃቃን ያለ ነቀፋ ማወደስ አልፈልግም፤ እሱም የራሱን ክፉ ትምህርት ያስተምር ነበር። ጡብ የምትፈጨው፣ የምታዝለው፣ የምትለምነው ሴቷ ናት። ወንዱ «አባት» ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ተመልሶ ይቀመጣል፤ እጁ ይታጠባል፤ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ብሎ ይቆጣል። ከሰፈራችን ወንዶች መካከል ቆይቶ ጭቃ ማማሰል የወደደ ልጅ ቢኖር «ሴታሴት» የሚል ስም ይወጣለት ነበር። ቁጣውን ማንም አላስጠናንም፤ ከየቤታችን ይዘነው የመጣን ነው። ከፋብሪካ ያልወጣ፣ ማንም ያልሸጠው መጫወቻም የአዋቂዎቹን ዓለም ከነበጎው ከነክፉው ይዞ ወደ ልጁ እንደሚያሻግር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ወንዶቹ ከእቃቃ ሲርቁ የሚሄዱበት የራሳቸው መጫወቻ ነበራቸው። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ ሽቦ ከአጥር ይፈልጋል፤ ለጎማው ያረጀ የሸበጥ ሶል ክብ አድርጎ ይቆርጣል፤ ረጅሙን የመሪ ሽቦ ከፊት ጎማ ጋር አያይዞ ቆሞ እየነዳ ይሮጣል። የጨርቅ ኳስ የሚሠራው ካልሲ ውስጥ ቡትቶ ጠቅጥቆ ይሰፋል። ለቡሄ ጅራፍ የሚገምደው ልጥ ከየት እንደሚላጥ፣ ጫፉ ምን ያህል መቅጠን እንዳለበት ከታላላቆቹ ይማራል፤ ጅራፉ ሲጮኽም በደብረ ታቦር የተሰማውን የአብን ድምፅ እንደሚያሳስብ ይነገረዋልና በእጁ ያለው ነገር ከእምነቱ ጋር ይተሳሰራል። የገና ጨዋታ ደግሞ ከሁሉም የላቀ የማኅበረሰብ ትምህርት ያለበት ይመስለኛል። ጫፉ የቆለመመ ዱላና ሩር ይዘው ሜዳ የወጡ ሰዎች በዚያች ቀን ሹምና ተራ ሰው አይባሉም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባልም ይህንኑ ይናገራል። ታላቁ ሰው በታናሹ ሊመታ፣ ሊሸነፍና ሊቀለድበት እንደሚችል፣ ይህም እንደማያዋርደው በዱላና በኳስ ይማሩ ነበር።

ከእነዚህ ቀጥሎ በዛሬው ሱቅ የተሰቀለውን የፕላስቲክ ጠመንጃ ሳይ ልቤ ይከብዳል። ጀግንነት በባህላችን የከበረ ነገር ነው፤ በፉከራና በሽለላ ያደገ ልጅ ዱላ ትከሻው ላይ አድርጎ መሸለሉም አዲስ አይደለም። ነገር ግን ያ ዱላ ጠዋት ጠመንጃ ቢሆን ከሰዓት ፈረስ፣ ማታ ደግሞ የእረኛ በትር ይሆን ነበር፤ ልጁ ሲበቃው ጠመንጃነቱን ይተወዋል። የፕላስቲኩ ጠመንጃ ከተኩስ ሌላ ምንም መሆን አይችልም፤ ፊት ለፊቱ ሊገደል የሚገባው ሰው ይፈልጋል። እውነተኛውን ተኩስ በሰሙ፣ ከቤታቸው በተፈናቀሉ፣ የቤተሰብ አባል ባጡ ልጆች በበዛች አገር ውስጥ ይህን ዕቃ ለበዓል ስጦታ አድርገን መስጠታችን ሊያስጨንቀን ይገባል። እኔ በበኩሌ ለማንም ልጅ አልገዛም፤ ወዳጆቼም እንዳይገዙ ሳልታክት እጠይቃለሁ።

በውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የምታድግ ልጅ በክፍሏ ውስጥ እሷን የሚመስል ሰው ሊያንስ ይችላልና ቤቷ ያለችው አሻንጉሊት የምትሸከመው ነገር ይበዛል። እናቶች የሐበሻ ቀሚስ ትንሽ አድርገው እያሰፉ ለአሻንጉሊት የሚያለብሱት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ግን ቀሚሱን ከማልበስ አልፈን ገላዋንና ጸጉሯን እንድናስብ እለምናለሁ። ጥለት ያለው ቀሚስ የለበሰች ቢጫ ጸጉር አሻንጉሊት ባህላችን ልብስ ብቻ እንደሆነ፣ መልካችን ግን ሊታቀፍ የማይገባ እንደሆነ ልትናገር ትችላለች።

በአገር ውስጥ በጨርቅ አሻንጉሊት የሚሠሩ ሴቶች እዚህም እዚያም አሉ፤ ሥራቸውን ባገኘሁ ቁጥር እገዛለሁ። ለእነሱ ያለኝ ጥያቄ ሦስት ነው። ጸጉሩ ከናይለን ይልቅ በሱፍ ክር ይሁን፤ ክሩ ይያያዛል፣ ጉንጉኑም አይፈታም። ክሩ በራሱ ላይ ሁሉ ይሰፋ፤ መሀሉ ባዶ አይሁን። የቆዳው ቀለምም አንድ ዓይነት «ጠይም» ብቻ አይሁን፤ በጣም ጥቁርም፣ ቀይ ዳማም ይኑር፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ፣ በአንድ ዓይነት ጥሩ ልብስ ይሠራ። በጣም ጥቁሯ አሻንጉሊት የቤት ሠራተኛ ልብስ ለብሳ ቀይዋ ሙሽራ ከሆነች የድሮውን ስድብ በጨርቅ ሰፋነው ማለት ነው።

ለወላጆች የምለው ደግሞ ስለ ወንዶች ልጆች ነው። ለወንድ ልጅ አሻንጉሊት መስጠት ከውጭ የመጣ ነገር እንደሆነ የሚከራከሩኝ ሰዎች አሉ። በገጠር ያደገ ሰው ግን እናቱ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ታናሽ እኅቱን በጀርባው አዝሎ የዋለ ወንድ ልጅ አይቶ ያውቃል፤ ብዙዎቻችን በታላቅ ወንድማችን ጀርባ ላይ ተኝተናል። ያ ልጅ ሕፃን ማባበልን፣ ማስተኛትን፣ ሲርበው ማወቅን በዚያ ዕድሜ ተምሯል፤ ወንድነቱም አልጎደለም። ባለፈው ዓመት ለወንድሜ ልጅ የጨርቅ አሻንጉሊት ስሰጠው አባቱ ፊቱን አጥቁሮ ነበር። ልጁ ግን ወዲያው ነጠላ ጠየቀ፤ ለማዘል።